የነርቭ ሕዋሳትን የለያየው ሠዓሊ፦ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካኻል እ.ኤ.አ. በ1852 በሰሜን ስፔን በምትገኝ ፔቲያ ደ አራጎን በተባለች መንደር ተወለደ። በልጅነቱ አጥብቆ የሚመኘው ሠዓሊ መሆንን ነበር። ሐኪም የነበረው አባቱ ግን ይህን ስላልወደደለት አንድ ጊዜ ከፀጉር ቆራጭ፣ ሌላ ጊዜ ከጫማ ሠሪ ዘንድ ሙያ እንዲለምድ አስገባው። በኋላ ከመካነ መቃብር በተገኙ አጥንቶች የሰውነትን አሠራር ያስተምረው ጀመር፤ ልጁም አጥንቶቹን እየሣለ ተማረ። በ1873 በሳራጎሳ የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ በጦር ሐኪምነት ወደ ኩባ ተላከ፤ በወባ ተጎሳቁሎም ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት የነርቭ ሥርዓት ያለ መቋረጥ እርስ በርሱ የተያያዘ አንድ መረብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 የነርቭ ሕዋሳትን በፖታሲየም ዳይክሮሜትና በብር ናይትሬት የማጥቆር ዘዴ አስተዋወቀ። የዘዴው ጥቅም ከብዙዎቹ ሕዋሳት ጥቂቶቹን ብቻ፣ ነገር ግን ከነቅርንጫፋቸው ማጥቆሩ ነው፤ ሁሉም ቢጠቁሩ ኖሮ የሚታየው ጥቀርሻ ብቻ በሆነ ነበር።

ካኻል ዘዴውን በ1887 ማድሪድ ውስጥ በሐኪሙ ሉዊስ ሲማሮ ዘንድ አይቶ አሻሻለው። ናሙናውን ደጋግሞ በብር ነከረ፤ ከአዋቂ እንስሳት ይልቅም ሽሎችንና ገና የተወለዱትን መረጠ። የእነዚህ አክሰን ገና በማይሊን ስላልተሸፈነ በደንብ ይጠቁራል፤ አጭር በመሆኑም እስከ ጫፉ መከተል ይቻላል። በወፎች ሴሬቤለም ውስጥ ያየው አክሰን ከሌላው ሕዋስ አጠገብ ደርሶ ያበቃል እንጂ አይዋሐድም። ይህን በ1888 በራሱ ገንዘብ ባቋቋመው መጽሔት አሳተመ። ስፔንኛ የሚያነብ ሊቅ ጥቂት ስለነበር ግን ሰሚ አጣ። ስለዚህ በ1889 ናሙናዎቹን ይዞ በርሊን በተደረገው የጀርመን አናቶሚ ማኅበር ጉባኤ ተገኘ፤ ስመ ጥሩው አልበርት ፎን ኮሊከርም በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ደጋፊው ሆነ። በ1891 ቪልሄልም ቫልዳየር ለሕዋሱ ኒውሮን የሚል ስም አወጣ።

ካኻል በዚህ አላበቃም። በዓይን ሬቲናና በማሽተቻ አካል ዴንድራይቶቹ ማነቃቂያው ወደሚመጣበት፣ አክሰኖቹ ደግሞ ወደ አንጎል ማቅናታቸውን አስተዋለ። ከዚህም በመነሣት መልእክት በዴንድራይት ገብቶ፣ በሕዋሱ አካል አልፎ፣ በአክሰን ይወጣል አለ። ኤሌክትሪክ ሳይለካ፣ ከቅርጽና ከአቀማመጥ ብቻ እዚህ መድረሱ ከግኝቶቹ ሁሉ ደፋሩ ነው፤ በኋላ ልዩ ሁኔታዎች ቢገኙም ደንቡ በጥቅሉ ጸንቷል።

በ1906 የኖቤል ሽልማትን ከጎልጂ ጋር ተጋራ። ጎልጂ በስቶክሆልም ባደረገው ንግግር የኒውሮንን ንድፈ ሐሳብ ነቀፈ፤ ካኻል በማግሥቱ በዚያው መድረክ፣ በጎልጂ ዘዴ የተገኘውን የራሱን ማስረጃ አቀረበ።

ሁለቱን ያከራከረው ክፍተት በአብዛኛው ወደ 20 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ በብርሃን ማይክሮስኮፕ አይታይም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው በ1950ዎቹ ነው፤ ካኻል በ1934 በማድሪድ ዐርፎ ነበር።