የብር መልክና የመተማ ፉከራ፦ አጼ ዮሐንስ 4ኛ

መተማ ዮሐንስ ሰሊጥና ጥጥ የሚነገድባት የድንበር ከተማ ናት። የስሟ ሁለተኛ ክፍል በዚህችው ምድር የወደቁትን ንጉሠ ነገሥት አጼ ዮሐንስ 4ኛን ያስታውሳል።

የእኒህ ንጉሥ መልክ በብር ላይም ተቀርጿል። ኢትዮጵያ በ1964 ዓ.ም. ለመታሰቢያ ካሳተመቻቸው የብር ሳንቲሞች መካከል አንዱ የእርሳቸው ሲሆን፣ ዓመቱም ዘውድ ከጫኑ 100ኛው ነበር። በሕይወት ሳሉ ግን ገበያውን የያዘው ሕዝቡ ጠገራ ብር የሚለው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ ነበር። ነጋዴው ይገበያይበት፣ አዝማሪውም በግብር አዳራሽ ይሸለምበት ነበር።

ካሳ ምርጫ በተምቤን ተወለዱ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አጼ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነስተው፣ ጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ነገሡ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅን ጦር በጉንደትና በጉራ አከታትለው መለሱ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖት አንድነትን ቢያውጁም፣ አዋጁ በወሎ ሙስሊሞች ላይ ከባድ ጫና አሳርፏል።

የመተማ ዕጣ የተወሰነው በግንቦት 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈረመው የአድዋ ውል ነው። ንጉሡ በማህዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች ለማስወጣት ቃል ገቡ፤ በምላሹ ቦጎስና በምጽዋ በኩል ነጻ የንግድ መተላለፊያ ተሰጣቸው። እርሳቸው ቃላቸውን ጠብቀው የመተማውን ሠራዊት ጭምር አስወጡ። እንግሊዝ ግን ኢጣሊያ በጥር 1877 ዓ.ም. ምጽዋን ስትይዝ ዝም አለች። ውለታው ለኢትዮጵያ ያተረፈላት የማህዲስቶችን ጠላትነት ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ።

ንጉሡ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎጃምን በብርቱ ቀጡ፤ ገበሬውም በዘመቻው ተጎዳ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ቆላው አዞሩ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ ውጊያ ድል ወደ ኢትዮጵያውያን አዘንብሎ ሳለ ንጉሡ በጥይት ቆሰሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

የመታሰቢያው ብር ዛሬ በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል፤ ብዙው የቆላ ገበሬ በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ጀግኖቹን የሚያወድሰው በሠርግና በበዓል በሚሰማው ሽለላና ፉከራ ነው። ብር በሣጥን ተቆልፎ ዘመን ይሻገራል፤ ፉከራ ግን ከአዛውንቱ ጋር ያልፋል። ስለዚህ ትዝታው ሳይጠፋ ድምፁን መቅዳትና ለልጆች ማስተማር የቤተሰብም፣ የትምህርት ቤትም፣ የባህል ቢሮም ሥራ ነው።