ልዕልቲቱ አስታማሚ

በደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት የባላባት ልጅም ቢሆን ለምድ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ ቁራሽ ይለምን ነበር፤ ለትምህርት የመጣ ሰው ከዝቅታ ይጀምራልና። ከዚያ አገር የመጣን ተማሪዎች የልዕልት ፀሐይን ታሪክ ስንሰማ ትዝ የሚለን ይኸው ነው።

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ሲሆኑ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በስደትም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ተማሪ ሆነው ገቡ። የጀማሪ ነርስ ትምህርት እንግዲህ የታወቀ ነው፤ አልጋ ማንጠፍ፥ በሽተኛ ማጠብና ማጉረስ፥ ትኩሳት መለካት፥ ቁስል ማሰር፥ ዕቃ ማጽዳት። የንጉሥ ልጅ መሆን ከዚህ አያስቀርም። በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስነት ማዕረግ አግኝተው፥ ትምህርታቸውን በጋይስ ሆስፒታል ቀጠሉ።

ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን ዐቢይ አበበን አግብተው ወለጋ፥ ለቀምት ገቡ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 ቀን ከእርግዝና በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ በማሰባሰብ ከረዱ በኋላ በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተሠራ።

ያ የሠለጠነ እጅ ለአገሩ ብዙ ሳይሠራ ቀረ። እኛ ግን በጤና አለን፤ ዲግሪ ይዘን የበሽተኛ መታጠቢያ ሳሕን ለማንሣት ካፈርን፥ ከልዕልቲቱ እንበልጣለን ማለታችን ይሆን?