ሹሙን ፊት ለፊት የጠየቁት ወይዘሮ አይዳ ዌልስ

በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ወይዘሮ አይዳ ዌልስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1862 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት ከባርነት ቤት ተወለዱ። በ16 ዓመታቸው ቢጫ ወባ እናትና አባታቸውን ነጠቃቸው። ታናናሾቻቸውን ለየዘመዱ መበተን እምቢ ብለው፣ አስተማሪ ሆነው አሳደጓቸው።

በ1892 በሜምፊስ ከተማ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ባለቤትና ሠራተኛ የነበሩ ሦስት ጥቁሮችን መንጋ ከእስር ቤት አውጥቶ ያለ ፍርድ ገደላቸው። አንዱ የአይዳ የቅርብ ወዳጅ ነበር። ግፉን በጋዜጣቸው ቢያጋልጡ ቢሯቸው ተሰባበረ፤ ከተመለሱም እንደሚገደሉ ተነገራቸው። እሳቸው ግን ማስረጃ መሰብሰባቸውን ቀጠሉ። በ1898 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ዘንድ ቀርበው መንግሥት ለዜጎቹ ይቁም ብለው አመለከቱ። የረባ እርምጃ አላገኙም።

በ1909 በኢሊኖይ ግዛት በኬሮ ከተማ አንድ ጥቁር እስረኛ ከሸሪፉ እጅ ተነጥቆ ተገደለ። በግዛቱ ሕግ መሠረት ሸሪፉ ከሥልጣኑ ተነሣ፤ እንዲመለስም ለአገረ ገዥው አቤት አለ። አይዳ ያን ጊዜ የልጆች እናት ነበሩ፤ ደክሟቸውም ነበር። ለመሄድ ቢያመነቱ የገዛ ልጃቸው፣ እርስዎ ካልሄዱ ማን ይሄዳል አላቸው። ሄዱ። የከተማውን ጥቁሮች አነጋግረው፣ ፊርማ አሰባስበው፣ በአገረ ገዥው ፊት ከሸሪፉ ጠበቃ ጋር ተከራከሩ። አገረ ገዥ ዲኒን ሸሪፉን እንደማይመልሱ በይፋ አስታወቁ።

በ1913 አይዳ በቺካጎ አልፋ የተባለ የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ ቤት ለቤት እየዞሩ መራጭ ሲያስመዘግቡ፣ ሂዱና ልጆቻችሁን ጠብቁ ብለው ያላገጡባቸው ወንዶች ነበሩ። አልተመለሱም። በ1915 ኦስካር ዲፕሪስት የከተማው ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆነው ሲመረጡ የእነዚህ ሴቶች ድካም ነበረበት።

ወይዘሮ አይዳ በ1930 ለግዛቱ ሴኔት ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በ1931 ዐረፉ። የደከሙለት ዓይነት የአገር አቀፍ ሕግ የጸደቀው በ2022 ነው።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ሕዝብ የመረጠው ሰው ዝም ሲል ግን ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ነው። እኛም ልጅ አዝለን ስብሰባ የምንመጣ ሴቶች ነን። ድምፃችንን ሰጥተን ቤታችን ከመግባት ይልቅ፣ የመረጥነውን ሰው ስለ ተበደለ ዜጋ በአደባባይ ምን ተናገርክ ብለን እንጠይቅ። መልሱንም ለቀጣዩ ምርጫ እናስታውስ።