የሁለት ስም ባለቤት፦ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

እዚህ በካልጋሪ ከምንኖር ወገኖች መካከል የወላጆቹን መርዶ በስልክ የሰማ፥ አፈር ሳያለብሳቸው የቀረ ጥቂት አይደለም። ዘመድ በሌለበት ከተማ ዘመድ የሆኑንን ሰዎች ስናስብ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ትዝ ይለናል።

ሐኪም ወርቅነህ በጎንደር ተወልደው ገና የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ሳሉ፥ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች። በግርግሩ ከወላጆቹ የተለየውን ሕፃን ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ አገር ወሰደው። እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለ፤ ልጁም ቻርለስ ማርቲን ተባለ። ወላጆቹን ካሳጣው ወገን የሆኑ ሰዎች አሳደጉት ማለት ነው። በላሆር ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ፤ ኋላም በበርማ በሐኪምነት አገለገለ።

ከዓድዋ ድል በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1899፥ ወደ አዲስ አበባ መጡ። አያታቸው በሕይወት ነበሩና ከሕፃንነት በቀረው ጠባሳቸው ለዩአቸው። ወርቅነህ የሚለው ስማቸው ተመለሰላቸው፤ ዳሩ ግን ማርቲን የሚለውን አልጣሉትም፤ በውጭ አገር እስከ መጨረሻው ይጠሩበት ነበር። የሥጋ ዘመድ በመገኘቱ አሳዳጊው አልተረሳም።

የተቀበሉትንም ለራሳቸው አላስቀሩትም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት እንዲዳረስ ደክመዋል።

ይሁን እንጂ ኀዘን ዳግመኛ ደጃቸውን አንኳኳ። በፋሺስት ወረራ ዘመን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሳሉ፥ በእንግሊዝ አገር የተማሩት መሐንዲሶች ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም በ1929 ዓ.ም. በጣልያኖች ተገደሉ። በሕፃንነቱ ከወላጆቹ የተነጠቀ ሰው በስተርጅናው ልጆቹን ተነጠቀ። እርሳቸው ግን በስደት ሆነው ስለ አገራቸው መሟገታቸውን አልተዉም፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

የሐኪሙ ጠባሳ አልጠፋም፤ የታወቁትም በእርሱ ነው። እኛም የጎደለንን ረስተን ልንድን አንችልም። ነገር ግን የክርስትና አባት ሆኖ ልጃችንን የታቀፈ፥ በበረዶ መንገድ መጥቶ ለቅሶ የተቀመጠልን፥ ስንታመም ሾርባ ይዞ የመጣ ሰው ዘመዳችን ሆኗል። ዛሬ ብቻውን ከተማችን የደረሰ እንግዳም ይህንኑ ከእኛ ይጠብቃል።