ከመድፍ ወደ ማረሻ

በጂቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ከሚሸጠው አትክልትና ፍራፍሬ ብዙው የሚመጣው ከኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ጂቡቲ ዝናብ የሚያንሳት በረሓማ አገር በመሆኗ፣ የሐረርጌ ገበሬ በደጋው ያመረተው ለገበያዋ ሲሳይ ሆኗል። ከሐረርጌ ደጋ አንዱ ክፍል ጨርጨር ይባላል። ይህን አገር በአንድ ወቅት ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በወጣትነታቸው ዘመን ከሁለት የትምህርት ዓይነቶች አንዱን የመምረጥ ብርቱ ጉዳይ ገጥሟቸው ነበር።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ክፍለ ሀገር በሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል በኋላ፣ ሊዮንቲየፍ የተባለው ሩሲያዊ ለትምህርት ወደ አገሩ ወሰዳቸው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበር።

በሩሲያ ቋንቋውን ከተማሩ በኋላ በፒተርስበርግ ከተማ ከሚገኘው የሚካኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገቡ። የመድፍ ትምህርት ጉልበትና ድፍረት ብቻ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ርቀትን ለመለካትና የጥይቱን አካሄድ ለማስላት የሒሳብና የፊዚክስ ዕውቀት ያስፈልግ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ይህን ሁሉ ተምረው በመኮንንነት ተመረቁ።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ፍጻሜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የተዘረጋላቸው መንገድ ግልጽ ነበር። በዚያ ዘመን የጦር ሙያ የክብርና የሹመት በር ነው። ግብርና ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የባላገር ሥራ እንጂ በትምህርት ቤት የሚቀሰም ዕውቀት ተደርጎ አይታይም ነበር። ይሁን እንጂ የአገሪቱ ሕዝብ የሚኖረው በእርሻ ነው፤ ሠራዊቱም ቢሆን የሚመገበው ገበሬው ያመረተውን ነው። ተክለ ሐዋርያት የብዙ ዓመት ድካም ያስገኘላቸውን ሙያ ይዘው መቀመጥ ሲችሉ፣ እንደ ገና ተማሪ ለመሆን ቆረጡ። ወደ አውሮፓ ተመልሰውም በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ።

ከዚያ በኋላ አገራቸውን በልዩ ልዩ ሥራ አገለገሉ። ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ በጨርጨርም የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ። ፋቡላ የተባለውን፣ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ዘመናዊ ተውኔት ደረሱ። በበጅሮንድነት ማዕርግ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውንም የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። በኋላም ተሰደው በማዳጋስካር ደሴት ብዙ ዓመታት ኖሩ። ከስደት ሲመለሱ መኖሪያቸውን ያደረጉት በጨርጨር፣ በሂርና እርሻቸው ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በዛሬው ጊዜ ኮሌጅ ለመግባት የሚያመለክት ወጣት፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ ልማር ወይስ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና በማለት ያወጣል፣ ያወርዳል። ብዙ ጊዜም ምርጫው ከተሳሳተ ዕድሜው ሁሉ የሚበላሽ ይመስለዋል። የተክለ ሐዋርያት ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው ምርጫ የመጨረሻ አይደለም፤ ተምሮ የተገኘ ዕውቀትም ከንቱ አይቀርም። ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት፣ የትኛው ሙያ ይበልጥ ያስከብራል የሚለው ሳይሆን፣ የትኛው ሙያ ለራስም ለወገንም ይጠቅማል የሚለው ነው። ይህን የመረመረ ሰው እንደ ገና ከፊደል ቢጀምር እንኳ አያፍርም።