ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም የላኩት ንጉሥ

ዛሬ የምንማረው የአንድ ንጉሥ ታሪክ ነው። ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላንሣ። በአንድ የጥምቀት በዓል ከመዘምራኑ መካከል አንዲት ልጅ ቀረች። የታመመች መስሎን ጠየቅን። ኋላ ስንሰማ ለጓደኞቿ አዲስ ጫማ ሲገዛላቸው ለእርሷ ስላልተገዛላት አፍራ ነው የቀረችው። መዝሙሩን ከሁሉም ይልቅ አጥንታ የነበረችው እርሷ ነበረች። ይህን የምጽፈው ልወቅሳት አይደለም፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ በልብስ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ አውቃለሁ። ነገር ግን ጫማ በሰው ላይ ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ የወርቅ ዘውድ ምን ያህል ኃይል ይኖረው ይሆን? ይህን እያሰባችሁ ተከተሉኝ።

ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነገሡ ንጉሥ ናቸው። አባታቸው ታዜና ይባላሉ። የመንግሥት ስማቸው እለ አጽብሐ ስለ ነበረ፣ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ይህንኑ በራሳቸው አነጋገር ለውጠው ኤልስባስ እያሉ ጽፈውታል።

እናንተ የወለንጪቲ ልጆች ከተማችንን አቋርጠው ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን፣ ከጅቡቲም ጭነው የሚመለሱትን ተሳቢ መኪናዎች በየቀኑ ታያላችሁ። ጅቡቲ ዛሬ ለእኛ እንደ ሆነችው ሁሉ በዚያ ዘመን ለአክሱም አዱሊስ ነበረች። አዱሊስ በቀይ ባሕር ዳር፣ ከምጽዋ በስተ ደቡብ የምትገኝ ወደብ ነበረች። ከአገር ቤት የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይወርዳል፤ ከባሕር ማዶ ደግሞ ጨርቅ፣ የወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ይመጣል።

ወርቁ ከየት ይመጣ እንደ ነበረ የጻፈልን ኮስማስ የሚባል የግብፅ ነጋዴ ነው። እርሱ ዐፄ ካሌብ ለዘመቻ በሚዘጋጁበት ጊዜ አዱሊስ ነበረ። ነጋዴዎች በየሁለት ዓመቱ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሳሱ ወደሚባል ሩቅ አገር ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ ያጥራሉ፤ በሬዎቹንም አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። ያገሩ ሰዎች መጥተው በፈለጉት ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጠው ዘወር ይላሉ። ባለ ዕቃው ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ይተወዋል። ያኛው ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ ስለማይግባቡ አንድ ቃል አይነጋገሩም። ልጆች፣ ጨው ተሰጥቶ ወርቅ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ይህን ጨው እንዳትረሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ወርቅ ዐፄ ካሌብ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። ከገንዘቡ ጥቂቱ ዛሬም በሙዚየሞች ውስጥ ይገኛል። ከጥፍራችሁ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ነገር ነው። በላዩ ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍተው፣ በግራና በቀኝ የእህል ዘለላ ከቧቸው፣ ከመስቀል ምልክት ጋር ተቀርጸዋል። የታዜና ልጅ መሆናቸውም በግሪክ ፊደል ተጽፎበታል።

ዐፄ ካሌብ ይበልጥ የታወቁት ግን በወርቅ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ523 ዓ.ም. በደቡብ ዐረብ፣ ዛሬ የመን በምንለው አገር አጠገብ፣ የሕምያር ንጉሥ በናግራን ከተማ የነበሩትን ክርስቲያኖች በእሳትና በሰይፍ አስፈጀ። ከሰማዕታቱ ዋናው ሽማግሌው ቅዱስ ኂሩት ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች። ወሬው በባሕር ዙሪያ ሁሉ ተሰማ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስም ዐፄ ካሌብ እንዲረዷቸው መልእክት ላኩ።

ንጉሡ ሠራዊታቸውን ይዘው ከመነሣታቸው በፊት ወደ አንድ ሰው ሄዱ። ይህ ሰው ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ ጰንጠሌዎን ናቸው። አባ ጰንጠሌዎን ከአክሱም ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮረብታ ላይ፣ በር በሌላት፣ ትንሽ መስኮት ብቻ ባላት ጠባብ በአት ውስጥ 45 ዓመት ቆመው የጸለዩ አባት ናቸው። በአንድ በኩል መርከብና ሠራዊት ያለው ንጉሥ፣ በሌላው በኩል ለመተኛት የሚበቃ ቦታ እንኳ የሌለው መነኵሴ። ልመናው የንጉሡ፣ ቡራኬው የመነኵሴው ነበር። እኔ ዐፄ ካሌብ በዚያች መስኮት በኩል ያዩት ነገር ከልባቸው አልወጣም እላለሁ።

በ525 ዓ.ም. ባሕሩን ተሻግረው ድል አደረጉ። የተቃጠሉትንም አብያተ ክርስቲያናት አሠርተው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ወደ አክሱም መጥቶ ነበር። ያየውም በጽሑፍ ተላልፎ ደርሶናል። ዐፄ ካሌብ አራት ዝሆኖች በሚስቡት፣ በወርቅ በተለበጠ ከፍ ያለ ሠረገላ ላይ ቆመው ነበር። በራሳቸው ላይ በወርቅ ክር የተሠራ ሻሽ፣ በአንገታቸው የወርቅ ድሪ፣ በክንዳቸው አምባር አለ። በእጃቸውም በወርቅ የተለበጠ ትንሽ ጋሻና ጦር ይዘዋል። መኳንንቱ ዙሪያቸውን ቆመዋል፤ ዋሽንት ይነፋል፤ ይዘመራል። ልጆች፣ እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑና እዩት። አራት ዝሆን!

አሁን ወደ ስንክሳሩ እንምጣ። ዐፄ ካሌብ መንግሥታቸውን ተዉ። ያባረራቸው ጠላት፣ ያወረዳቸውም ሰው የለም። ዘውዱን ከራሳቸው አውርደው በጌታችን መቃብር ደጃፍ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላኩት። እርሳቸው ደግሞ የምንኵስና ልብስ ለብሰው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገቡ። ከዚያም ወጥተው ዳግመኛ ወደ ዓለም ላይመለሱ በጠባብ በአት ተዘጉ። ከቤተ መንግሥቱ ዕቃ ሁሉ ይዘው የገቡት አንዲት ሰሌንና አንድ የውኃ መጠጫ ብቻ ነው። ሰሌኗ ለመኝታ፣ መጠጫው ለውኃ። ምግባቸው እንጀራና ጨው ነበር። ያ ወርቅ ይገዙበት የነበረው ጨው አሁን የንጉሡ ወጥ ሆነ።

ይህን ታሪክ በክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ዘውዱ ተሽጦ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። እኔም እንዲህ አልሁት። ዘውድ የንጉሡ የግል ንብረት ብቻ አይደለም፤ የሥልጣናቸው ምልክት ነው። ቢሸጥ ሌላ ማሠራት ይችላሉ፤ ወርቁ ሞልቷል። ኢየሩሳሌም ላይ ለሁሉ በሚታይ ቦታ ከተሰቀለ በኋላ ግን ነገ ልባቸው ቢመለስ እንኳ ዘውዱ አይመለስም። በሩን ከውጭ እንደ መቆለፍ ነው። ልጁ በመልሴ የረካ አልመሰለኝም። እናንተም ካልረካችሁ ከመምህራኖቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

አንድ ነገር ግን እንዳታሳስቱብኝ። ዐፄ ካሌብ ያደረጉት ማጣት አይደለም፤ መተው ነው። የዘይት ዋጋ ሲጨምር የሚጨነቁ እናትና አባት ያላቸው ልጆች ድህነት ቅድስና ነው ተብሎ እንዲነገራቸው አልወድም። የሚራብ ሰው እንዲበላ፣ የታረዘም እንዲለብስ ጌታችን አዞናል። ደግሞም ሁሉም ሰው ይመንን የሚል ሕግ የለም። ከዐፄ ካሌብ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ገብረ መስቀል ነግሠዋል፤ ቅዱስ ያሬድም በዘመናቸው ዜማውን አሰምቷል። መንግሥት ሰው ያስፈልገዋል፤ ሱቅና እርሻም እንዲሁ። ነገር ግን አንድ ሸሚዝ ብቻ ያለው ልጅ ልቡን በሸሚዙ ሊያስር ይችላል፤ አራት ዝሆን የነበራቸው ንጉሥ ደግሞ ልባቸው ከዝሆኖቹ ጋር አልታሰረም ነበር። ያቺ ከጥምቀት የቀረች ልጅ ያጣችው ጫማውን ብቻ አልነበረም፤ መዝሙሩንም አጣች። ከሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው። እኛ ደግሞ ጫማዋን አይተን ዝም ያልን እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አይደለም።

በባሕር ማዶ ያገኙትስ ግዛት? እርሱም አልቆየም። እዚያ የሾሙትን ገዥ ገና በዘመናቸው ወታደሮች አስወግደው አብርሃ የሚባለውን አነገሡ፤ ቆይቶም ፋርሶች አገሩን ያዙት። እነዚሁ ፋርሶች በ614 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ወርረው የጌታችን መቃብር ያለበትን ቤተ ክርስቲያን አቃጠሉ። አዱሊስም ዛሬ ፍርስራሽ ናት።

አክሱም የምትሄዱ ልጆች ከከተማው ወጣ ብሎ በኮረብታ ላይ በስማቸውና በልጃቸው በገብረ መስቀል ስም የሚጠሩትን መቃብሮች ታያላችሁ። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ እርስ በርሳቸው ገጥመው የቆሙ ናቸው። የአባ ጰንጠሌዎን ገዳምም በኮረብታው ላይ እስከ ዛሬ አለ።

ግንቦት 20 ቀን የዐፄ ካሌብ መታሰቢያ ነው። ቀኑ ከትምህርት ጋር ካልተጋጨባችሁ በማለዳ ኑና ስንክሳሩ ሲነበብ አድምጡ። ሰሌኗንና መጠጫውን ሲጠራ የሰማ ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ለክፍሉ ይንገር። የምትመጡትም ባላችሁ ጫማ ነው።