የሎሚን አሲድ ለይቶ ያወጣው ካርል ሼለ

ሎሚን የሚያኮመጥጠውን ሲትሪክ አሲድ ያገኘው ጃቢር ኢብን ሐያን ነው የሚሉ ጽሑፎች በመካከላችን ይዘዋወራሉ። ጃቢር በኬሚስትሪ ታሪክ ትልቅ ስም ነው። ይህን አሲድ ግን በ1784 እ.ኤ.አ. ከሎሚ ጭማቂ በክሪስታል መልክ ያወጣው ካርል ቪልሄልም ሼለ ነው። የሰው ሐቅ ነውና ስለ እርሱ ላውጋችሁ።

ሼለ በ1742 ያኔ በስዊድን ሥር በነበረችው ሽትራልዙንድ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም፤ በ14 ዓመቱ ጎተንበርግ ውስጥ መድኃኒት ቤት በተለማማጅነት ገባ፣ ሙያውንም እዚያው ቀሰመ።

እኔ መሐንዲስ ነኝና የሚያስደንቀኝ ዘዴው ነው። ጭማቂው ውስጥ ስኳርና ሌላም ብዙ ነገር ስላለ፣ ውሃውን በማትነን ብቻ ንጹሕ አሲድ አይገኝም። ሼለ ጠመኔ ጨመረበት፤ አሲዱ ከጠመኔው ካልሲየም ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ሆነ። ዝቃጩን ለይቶ ሰልፈሪክ አሲድ ሲያክልበት ካልሲየሙ ወደ ሰልፈሪኩ ዞረ፣ ሲትሪክ አሲዱም ነፃ ወጣ። (እዚህ ኮሎምበስ ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት በሲትሪክ አሲድ የምታስለቅቁትም፣ ከኮምጣጣነቱ ሌላ፣ ከካልሲየም ጋር የመያያዝ ባሕርይ ስላለው ነው።)

ኦክስጅንንም ከእንግሊዛዊው ፕሪስትሊ በፊት አግኝቶ ነበር። መጽሐፉ እስከ 1777 ስለዘገየ ግን ዝናው ቀድሞ ላሳተመው ለፕሪስትሊ ሆነ።

የሚሠራባቸውን ኬሚካሎች የመቅመስ ልማድ ነበረው። በ1786፣ ገና በ43 ዓመቱ፣ ሼፒንግ በምትባል የስዊድን ከተማ አረፈ። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት የመድኃኒት ቤቱን የቀድሞ ባለቤት ሚስት፣ ባሏ የሞተባትን፣ አገባት፤ መድኃኒት ቤቱና ንብረቱ ያለ ጭቅጭቅ እንዲተላለፍላት ብሎ።